ፕሮጀክትን ከሥራ ሂደት ለይቶ የአሠራር ማሻሻያ ማካሄድ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ አንድ ለውጥ ካስገኘ በኋላ ቡድኑ የሚበተንበት ሥራ ነው። የሥራ ሂደት በአንጻሩ ትናንት እንደተሠራው ዛሬም የሚሠራ፣ ነገም የሚደገም፣ ግብዓት ተቀብሎ ለአንድ ተገልጋይ ውጤት የሚያስረክብ የተያያዘ ተግባር ነው። አዲስ የሒሳብ ሶፍትዌር መትከል ፕሮጀክት ነው፤ በሶፍትዌሩ እየተጠቀሙ የአቅራቢዎችን ክፍያ በየዕለቱ መፈጸም የሥራ ሂደት ነው። በወረቀት ላይ ይህን ያህል ግልጽ የሆነው ልዩነት በድርጅቶች ውስጥ ሲደርስ በቀላሉ ይምታታል። ምክንያቱም በማሻሻያ ሥራ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ፤ የምናሻሽለው ሂደቱን ሲሆን የምናሻሽልበት መንገድ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ፕሮጀክት ነው።

ሁለቱን ሳይለዩ የሚነሡ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ጎን ይሰናከላሉ። አንዳንዶቹ በዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ ሊታረም የሚገባውን ጥቃቅን ጉድለት ሁሉ ፕሮጀክት ያደርጉታል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዕቅድ ይጸድቃል፣ ሪፖርት ይቀርባል፣ ቡድኑ ሲበተን ግን አሠራሩ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በዓመቱም ለዚያው ችግር ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ የብዙ ክፍሎችን ስምምነት፣ በጀትና የሥልጣን ለውጥ የሚጠይቀውን ጉዳይ ሠራተኞች በየዕለቱ እንዲያሻሽሉት ይተዉታል፤ ሠራተኛው ከሥልጣኑ በላይ የሆነውን ነገር መለወጥ ስለማይችል ቅሬታው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ለክፍል ኃላፊዎች፣ ለጥራት ባለሙያዎችና ለማሻሻያ ቡድን መሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፤ እሱም ድርጅቱ ለዕቃና ለአገልግሎት አቅራቢዎች የሚከፍልበት ሂደት ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት አኃዞች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ስለሆኑ አንባቢው በራሱ ድርጅት መረጃ ሊተካቸው ይገባል።

ደረጃ 1፦ ችግሩን መጻፍ

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን መፍትሔም ሆነ ተወቃሽ አይግባበት። "የሒሳብ ክፍሉ ቸልተኛ ነው" የሚለው ክስ ነው፤ "አዲስ ሶፍትዌር ያስፈልገናል" የሚለው ደግሞ ሳይመረመር የተቆረጠ ውሳኔ ነው። "የአቅራቢ የክፍያ መጠየቂያ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ክፍያው እስኪፈጸም ድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስዳል" የሚለው ግን ሊታይና ሊቆጠር የሚችል ችግር ነው።

ቀጥሎ በጻፉት ላይ ሁለት ጥያቄ ያንሡ። የመጀመሪያው፣ ይህ ጉዳይ የሚደጋገም ነው ወይስ አንድ ጊዜ የደረሰ ነው? የሚደጋገም ከሆነ ከጀርባው ሂደት አለ፤ ሂደቱ ተጽፎ ባይገኝም እንኳ አለ። ሁለተኛው፣ የማሻሻያው ሥራ ተጠናቆ ሁሉም ወደየቦታው ሲመለስ ምን እንዲቀር ነው የሚፈለገው? የሚፈለገው ሕንፃ፣ ማሽን ወይም ሰነድ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፕሮጀክት ያመዝናል። የሚፈለገው ሰዎች ነገ ጠዋት ሥራቸውን ከዛሬው በተለየ መንገድ እንዲሠሩ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሂደት ነው፤ ፕሮጀክት ቢከፈትለት እንኳ ፕሮጀክቱ መሸጋገሪያ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ለሂደቱ ወሰንና ባለቤት መስጠት

የሂደቱን መነሻና መድረሻ በሁነት ይግለጹ። በምሳሌአችን መነሻው "የክፍያ መጠየቂያው መዝገብ ቤት ሲደርስ"፣ መድረሻው "ገንዘቡ ከድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ወጥቶ ለአቅራቢው ሲላክ" ነው። በመካከሉ መዝገብ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል፣ ግዥ ክፍል፣ ዕቃውን የጠየቀው ክፍልና ፈራሚው አሉ። አንድ ሂደት ብዙ ክፍሎችን አቋርጦ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ችግሩም በአብዛኛው የሚደበቀው በክፍሎች መካከል ባለው ቅብብሎሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የአይ ኤስ ኦ 9001 የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሻሻል ድርጅትን እርስ በርስ እንደተያያዙ ሂደቶች ማየትን የደረጃው መሠረት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሂደቱ ባለቤት አንድ ሰው ሊሆን ይገባል። ባለቤት ማለት ሥራውን ሁሉ ራሱ የሚሠራ ማለት ሳይሆን፣ ሂደቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እየሄደ እንደሆነ የሚከታተል፣ አሠራሩን የመለወጥ ሥልጣን ያለውና ለውጤቱ የሚጠየቅ ማለት ነው። አምስት ክፍሎች በጋራ ኃላፊ ናቸው የሚባልበት ሂደት ባለቤት የለውም። ባለቤት ማግኘት ካልተቻለ እዚህ ላይ ቆመው ከበላይ አመራሩ ጋር ጉዳዩን ይጨርሱ፤ ባለቤት በሌለው ሂደት ላይ የተከፈተ ፕሮጀክት በመጨረሻ የሚያስረክብበት ሰው ያጣል።

ደረጃ 3፦ አንዱን ሰነድ ተከትሎ መሄድና መለካት

ሂደቱን በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጠው አይሣሉት። በስብሰባ የሚሣለው ሂደት መሆን ያለበት እንጂ የሆነው አይደለም። ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ይሂዱ፤ አንድ የክፍያ መጠየቂያ ይምረጡና ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይከተሉት። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓቶችን ይመዝግቡ፤ ሰነዱ የደረሰበትንና ሠራተኛው በእርግጥ ያነሣበትን።

ምሳሌአችንን እንመልከት። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ለመመዝገብ 5 ደቂቃ፣ ከግዥ ትእዛዙና ከዕቃ መረከቢያ ሰነዱ ጋር ለማመሳከር 15 ደቂቃ፣ የጠያቂው ክፍል ኃላፊ አይቶ ለማጽደቅ 5 ደቂቃ፣ ክፍያውን ለማዘጋጀት 10 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው ፊርማ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 40 ደቂቃ ነው። መጠየቂያው ግን ገብቶ እስኪከፈል ድረስ 13 የሥራ ቀናት ወስዷል፤ በቀን 8 ሰዓት ከተሠራ 104 ሰዓት ማለት ነው። ሰነዱ የሰው እጅ ላይ ሆኖ የተሠራበት ጊዜ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው ሁሉ ጥበቃ ነው። ሠራተኞቹ በእጥፍ ቢፋጠኑ አቅራቢው የሚያተርፈው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። "ሥራ አፋጥኑ" የሚለው ትእዛዝ ለምን ውጤት እንደማያመጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ጥበቃው የት እንደሚፈጠር የሚታወቀውም ሰነዱን በመከተል ነው። ብዙ መጠየቂያዎች የግዥ ትእዛዝ ቁጥር ሳይጻፍባቸው ይመጣሉ፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ለማግኘት ለግዥ ክፍል ጽፋ ትልካለች፣ መልሱ እስኪመጣ ሰነዱን "በመጠባበቅ ላይ" የሚል ጽሑፍ ባለበት ፋይል ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛው ፈራሚ ደግሞ የሚፈርሙት ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት የተዘጋጀ ክፍያ እስከ ዓርብ ይተኛል። ሁለቱም በየትኛውም መመሪያ ላይ የተጻፉ አይደሉም፤ ሠራተኞቹ ግን ሁሉም ያውቋቸዋል፣ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ብቻ አልተናገሯቸውም።

እያንዳንዱን ሰነድ መከተል ለማይቻልበት ጊዜ የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ። የኦፕሬሽን ምርምር ምሁሩ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ እንዳረጋገጠው፣ በአንድ ሂደት ውስጥ ያለው አማካይ የሥራ ብዛት በቀን ከሚገባው አማካይ ብዛትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት አማካይ ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ያልተከፈሉ መጠየቂያዎችን በየጠረጴዛው ዞረው ቢቆጥሩና 156 ቢያገኙ፣ በቀን በአማካይ 12 የሚገቡና 12 የሚከፈሉ ቢሆን፣ አንዱ መጠየቂያ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ 156 ለ12 ሲካፈል 13 የሥራ ቀናት ነው። ስሌቱ የሚሠራው የሚገባውና የሚወጣው በረጅም ጊዜ ሲመጣጠን ነው፤ ክምችቱ በየሳምንቱ እያደገ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን መመርመር ይገባል።

ደረጃ 4፦ የሂደቱን መለዋወጥ ማንበብ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ይኸው ነው። ማንኛውም ሂደት በየሳምንቱ ተመሳሳይ ውጤት አይሰጥም። ጥያቄው የዛሬው ልዩነት ከሂደቱ ተፈጥሮ የመጣ ነው ወይስ ከውጭ የገባ አንድ ልዩ ነገር አመጣው የሚለው ነው። ሁለቱን የሚለይ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1924 ያቀረበው በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሼዋርት ሲሆን፣ የጥራት ሥራ አመራር ምሁሩ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ደግሞ ሐሳቡን ከፋብሪካ ቁጥጥር አውጥቶ ወደ ሥራ አመራር አስፋፍቶታል። ዴሚንግ በራሱ ግምት ከችግሮች 94 ከመቶ ያህሉ የሥርዓቱ፣ ማለትም የአመራሩ ኃላፊነት እንደሆኑ ይናገር ነበር።

ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት ወረቀትና የስሌት መኪና ይበቃል። የአሥር ሳምንት አማካይ የክፍያ ጊዜ በሥራ ቀን እንዲህ ነው እንበል፦ 12፣ 14፣ 11፣ 15፣ 13፣ 12፣ 16፣ 13፣ 11፣ 14። አማካዩ 13.1 ነው። ቀጥሎ በተከታታይ ሳምንታት መካከል ያለውን ልዩነት፣ የመቀነስና የመደመር ምልክቱን ትተው ይጻፉ፦ 2፣ 3፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2፣ 3። የእነዚህ አማካይ 2.67 ገደማ ነው። ይህን በ2.66 ሲያባዙት 7.1 ያህል ይሆናል፤ 2.66 ለዚህ ዓይነቱ ሰንጠረዥ የተወሰነ ቋሚ ቁጥር ነው። 7.1ን ከአማካዩ ላይ ሲደምሩ 20.2፣ ሲቀንሱ 6.0 ያገኛሉ። እነዚህ የሂደቱ የተፈጥሮ ወሰኖች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚውል ቁጥር ከሂደቱ ተፈጥሮ እንደመጣ ይወሰዳል። አሥር ሳምንት ለመጀመር ያህል ነው፤ መረጃው ሃያና ከዚያ በላይ ሲሆን ወሰኖቹን በበለጠ ማመን ይቻላል።

አሁን 16 ቀን የወሰደውን ሰባተኛውን ሳምንት ይመልከቱ። ብዙ ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ ሠራተኞችን ጠርተው ይገሥጻሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ ወደ 13 ሲወርድ ደግሞ ተግሣጹ እንደሠራ ያምናሉ። 16 ግን ከወሰኑ ውስጥ ነው፤ ማንም ምንም ባይናገር ኖሮም ቁጥሩ ወደ አማካዩ ይመለስ ነበር። ኃላፊው ካልሠራ መድኃኒት ተምረው ወጡ፤ ሠራተኞቹም ለማያዙበት ነገር ተወቀሱ። ይባስ ብሎ ለእያንዳንዱ ከፍታ አዲስ ማረጋገጫ ወይም አዲስ ፊርማ የሚጨመር ከሆነ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል፤ የተጨመረው ፊርማ ራሱ አዲስ ጥበቃ ይወልዳልና።

አንድ ሳምንት 23 ቀን ቢወስድ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ከወሰኑ ውጭ ስለሆነ ልዩ ምክንያት አለው፤ ምናልባት ፈራሚው በሕመም ፈቃድ ላይ ነበሩ፣ ውክልናም አልተሰጠም። ስምንት ተከታታይ ሳምንታት ሁሉም ከአማካዩ በላይ ወይም ሁሉም ከአማካዩ በታች ቢውሉም እንዲሁ አንድ ነገር መለወጡን ያመለክታል።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ መመሪያ ይህ ነው። ልዩ ምክንያት ሲገኝ ያንኑ ምክንያት ወዲያው መርምሮ መዝጋት ይገባል፤ ለፈራሚው ተወካይ መመደብ ፕሮጀክት አይፈልግም፣ ሂደቱን በሙሉ መቀየርም አይፈልግም። ቁጥሮቹ ሁሉ በወሰኑ ውስጥ ሆነው አማካዩ ራሱ ለአቅራቢው የማይበቃ ከሆነ ግን አንዱን ሳምንት ከሌላው እየለዩ ምክንያት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሂደቱ የተሠራበትን መንገድ መለወጥ ያስፈልጋል። ለውጡ በዕለት ተዕለት ማሻሻያ ይምጣ ወይስ በፕሮጀክት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የዕለት ተዕለት ማሻሻያ ወይስ ፕሮጀክት?

ሁልጊዜ ከትንሹ መንገድ ይጀምሩ። ለውጡ በሂደቱ ባለቤት ሥልጣን ሥር ከሆነ፣ ምክንያቱ ከታወቀ፣ ቢሳሳት በቀላሉ መመለስ ከተቻለና አዲስ በጀት ካልጠየቀ በሂደቱ ውስጥ ይሠራ፤ ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን መፈተሽ፣ ከሠራም የተለመደ አሠራር ማድረግ በቂ ነው። በምሳሌአችን፣ የግዥ ትእዛዝ ቁጥር የሌለበትን መጠየቂያ መዝገብ ቤት በዕለቱ ለአቅራቢው እንዲመልስና ይህም ለአቅራቢዎች ሁሉ አስቀድሞ በደብዳቤ እንዲገለጽ ማድረግ እንዲህ ያለ ለውጥ ነው። ፈራሚውን በየዕለቱ ለአጭር ጊዜ እንዲፈርሙ ማግባባትም እንዲሁ። ሁለቱ ብቻ ተሞክረው አማካዩ ከ13 ወደ 8 ቢወርድ ፕሮጀክት የመክፈቱ አስፈላጊነት እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ፕሮጀክት የሚያስፈልገው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀርና ጥናት ሲጠይቅ፣ የብዙ ክፍሎች ሥልጣን ሲነካ፣ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ሲገባበት ወይም ለውጡ አንዴ ከተደረገ ለመመለስ ሲያስቸግር ነው። አነስተኛ ክፍያዎች ያለ ሁለተኛ ፊርማ እንዲያልፉ የፋይናንስ ደንቡን ማሻሻልና ማጽደቂያውን ወደ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ማዛወር ይህን ሁሉ ያሟላል።

ሂደቱ ከመሠረቱ ዓላማውን የሳተ በሚሆንበት ጊዜ ሌላ ምርጫ አለ። የሥራ አመራር ጸሐፊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 አጥብቆ የተከራከረበት ጉዳይ ይህ ነበር፤ ያረጀን አሠራር በኮምፒዩተር ማፋጠን የቆየውን ጉድለት ማፋጠን ስለሆነ ሂደቱን ከሥሩ እንደ አዲስ መንደፍ ይሻላል የሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ መንደፍ ከሁሉም ውድና አደገኛ መንገድ በመሆኑ ደረጃ 3ንና 4ን ሳያልፉ አይምረጡት።

ደረጃ 6፦ የፕሮጀክቱን መግለጫ በአንድ ገጽ ማዘጋጀት

ፕሮጀክት ይከፈት ከተባለ መግለጫው አንድ ገጽ ይሁን። ዓላማው በሂደቱ መለኪያ መጻፍ አለበት። "የኤሌክትሮኒክ ማጽደቂያ መትከል" ዓላማ አይደለም፤ "አማካይ የክፍያ ጊዜን ከ8 ወደ 4 የሥራ ቀናት ማውረድ" ዓላማ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፕሮጀክት የራሱ መለኪያዎች አሉት፤ በጊዜው አለቀ ወይ፣ በበጀቱ ተሠራ ወይ፣ የተባለውን ሁሉ አስረከበ ወይ የሚሉ ናቸው። ሂደትም የራሱ አለው፤ ጊዜ፣ ስህተት፣ ወጪና የተገልጋይ እርካታ። ሶፍትዌሩ በቀኑና በበጀቱ ተተክሎ፣ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ተደርጎ፣ ሠራተኛው ግን በስክሪን ላይ ያጸደቀውን አትሞ ለፊርማ ይዞ የሚዞር ከሆነ ፕሮጀክቱ ተሳክቶ ሂደቱ አልተሻሻለም። ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን በዚያው ገጽ ላይ ያስቀምጡ።

አንዱን ቁጥር ስናሻሽል ሌላው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ መለኪያም ያክሉ። ክፍያ ሲፋጠን አንድ መጠየቂያ ሁለት ጊዜ የመከፈል ዕድሉ ሊጨምር ስለሚችል የድርብ ክፍያዎች ብዛት አብሮ ይቆጠር።

ከዚህ ሌላ የፕሮጀክቱ ወሰን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ድጋፍ የሚሰጠው የበላይ ኃላፊ፣ የቡድኑ መሪ ይጻፋሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሥራውን የሚረከበው የሂደት ባለቤት ስም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በገጹ ላይ ይኑር፤ ፊርማውንም ያኑርበት። ሥራው ከስድስት ወር የሚያልፍ ከመሰለ ከፋፍለው በየደረጃው የሚረከብ ያድርጉት።

ደረጃ 7፦ ፕሮጀክቱን ማካሄድ

እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የፕሮጀክት አመራር ዕውቀት የዳበረና በቀላሉ የሚገኝ ነው። በሞቶሮላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተጀመረው፣ ስህተትንና መለዋወጥን በመለኪያ ለመቀነስ በሚያገለግለው በሲክስ ሲግማ አሠራር ውስጥ የሚሠራበት ቅደም ተከተል አምስት ምዕራፍ አለው፤ ጉዳዩን መወሰን፣ መለካት፣ መንሥኤውን መተንተን፣ ማሻሻልና መቆጣጠር። እስካሁን በመጣንበት መንገድ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ተሠርተዋል። ለውጡን በአንድ ክፍል ወይም በአንድ የክፍያ ዓይነት ላይ በትንሹ ሞክረው፣ ውጤቱን በደረጃ 4 ሰንጠረዥ ላይ አስፍረው፣ ከዚያ ያስፋፉት። ሥራውን በየዕለቱ የሚሠሩት ሰዎች ከቡድኑ ውስጥ ይሁኑ፤ እነሱ ያልተሳተፉበት ንድፍ ብዙም ሳይቆይ በአቋራጭ መንገድ ይተካል።

ከአምስቱ ምዕራፎች የመጨረሻው፣ መቆጣጠር የተባለው፣ በስሙ የፕሮጀክቱ አካል ቢሆንም በተግባር ፕሮጀክቱ ወደ ሂደት የሚለወጥበት ድልድይ ነው። በጥድፊያ የሚታለፈውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ወርዶ ከታየ በኋላ ቡድኑ ሥራው እንዳለቀ ይሰማዋል፣ አመራሩም ባለሙያዎቹን ለሌላ ሥራ ይፈልጋቸዋል።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

የማሻሻያ ውጤት የሚጠፋው በአብዛኛው በርክክብ ወቅት ስለሆነ ለዚህ ደረጃ በዕቅዱ ላይ ራሱን የቻለ ጊዜና ኃላፊ ይመድቡለት። ርክክብ የመጨረሻ ሪፖርት ማቅረብ አይደለም። ሪፖርት ምን እንደተሠራ ይናገራል፤ የሂደቱ ባለቤት የሚያስፈልገው ግን ነገ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ለባለቤቱ መተላለፍ ያለበት የመጀመሪያው ነገር አዲሱ አሠራር የተጻፈበት ሰነድ ነው። ሰነዱ አጭር ይሁን፤ በሥራው ቦታ ላይ ሆኖ አንድ አዲስ ሠራተኛ ሊከተለው የሚችል ዓይነት ይሁን። የቀድሞው መመሪያ፣ ቅጹና ማኅተሙ በዚያው ቀን ከአገልግሎት ይውጡ። ሁለት አሠራር ጎን ለጎን ከተተወ ሰው የለመደውን ይመርጣል፤ ይህ የሰው ስንፍና ሳይሆን የንድፉ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። ቁጥሩን በየሳምንቱ የሚመዘግበው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚወሰድና የት እንደሚለጠፍ ይወሰን። የፕሮጀክቱ ባለሙያ በራሱ ኮምፒዩተር የሚያዘጋጀው ሰንጠረዥ ባለሙያው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ባለሙያው ገና በቦታው እያለ የሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ለጥቂት ሳምንታት ትሙላው። ለውጡ ሂደቱን ወደ አዲስ ደረጃ ስላወረደው የቀድሞዎቹ ወሰኖች አያገለግሉም፤ ከለውጡ በኋላ ባለው መረጃ አዳዲስ ወሰኖች ይሰሉ።

ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ከወሰኑ ሲወጣ ምን ይደረጋል የሚለው የተጻፈ መልስ ነው። ለምሳሌ፦ "የሳምንቱ አማካይ ከላይኛው ወሰን ካለፈ የሂደቱ ባለቤት በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ከአምስቱ ጠረጴዛዎች የትኛው ላይ ሰነድ እንደተከማቸ ይቆጥራሉ፤ ፈራሚ ከሌለ ተወካዩ በዚያው ቀን ይፈርማሉ፤ የግዥ ትእዛዝ ቁጥር ጎድሎ ያለፈ ሰነድ ካለ መዝገብ ቤቱ ለምን እንደተቀበለው ይጣራል።" እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ከብዙ ገጽ ማጠቃለያ ሪፖርት ይልቅ ውጤቱን ይጠብቃል።

አራተኛው ሥልጠናና ሥልጣን ነው። ሥልጠናው ብዙዎች የሚያስታውሱት ሲሆን ሥልጣኑ ግን ይረሳል። በፕሮጀክቱ ጊዜ በበላይ ኃላፊው ድጋፍ ያለፉ ጉዳዮች ሁሉ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ድጋፉ ስለሚነሣ፣ በመደበኛ የሥራ መዘርዝርና በፋይናንስ ደንብ ላይ መስፈር አለባቸው። መዝገብ ቤቱ ያልተሟላ መጠየቂያ የመመለስ መብት እንዳለው ካልተጻፈ፣ አንድ ተሰሚነት ያለው አቅራቢ ደውሎ ሲቆጣ ሰነዱ እንደ ቀድሞው ያልፋል።

ርክክቡን በአንድ ቀን አያድርጉት። ለስምንት ወይም ለአሥር ሳምንታት የሂደቱ ባለቤት ይምራ፣ ቡድኑ ደግሞ ጣልቃ ሳይገባ ይከታተል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ በአዲሶቹ ወሰኖች መካከል ከቆየ ባለቤቱ ይፈርማሉ፣ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ቡድኑም በእርግጥ ይበተናል። ቁጥሩ ወደ ላይ ማዝገም ከጀመረ አይዝጉት፤ የጎደለው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። የመዝጊያው ቀን ሲደርስ "ለጥቂት ጊዜ እንቀጥል" የሚል ቡድን ካጋጠመ ሂደቱን ራሱ እየሠራው መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለት ዓመት የሞላው የማሻሻያ ፕሮጀክት ስሙ ያልተቀየረለት የሥራ ክፍል ነው፤ ቋሚ ሥራ ከሆነ ቋሚ በጀትና ቋሚ ባለቤት ይሰጠው።

ደረጃ 9፦ ፕሮጀክቶችን ራሳቸውን እንደ ሂደት መምራት

እያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ጊዜ የሚሠራ ቢሆንም ፕሮጀክቶችን የመምረጥ፣ የመክፈት፣ የመከታተልና የመዝጋት ሥራ በድርጅቱ ውስጥ የሚደጋገም በመሆኑ ሂደት ነው። እንደማንኛውም ሂደት መነሻ፣ መድረሻ፣ ባለቤትና መለኪያ ያስፈልገዋል። የሊትል ስሌትም እዚህ ይሠራል። ድርጅቱ በአንድ ጊዜ 24 የማሻሻያ ፕሮጀክቶች ከፍቶ በዓመት የሚያጠናቅቀው 8 ከሆነ፣ አንዱ ፕሮጀክት በአማካይ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የቡድን መሪዎቹ የቱንም ያህል ቢተጉ ውጤቱ ይኸው ነው። የማጠናቀቅ አቅሙ ሳይቀንስ የተከፈቱት ወደ 6 ቢወርዱ የአንዱ አማካይ ዕድሜ ዘጠኝ ወር ይሆናል። ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለላቸው ስለሚቀንስ ደግሞ የሚጠናቀቁት ቁጥር ከ8 በላይ የማለፍ ዕድል አለው።

ስለዚህ የተከፈቱትን ፕሮጀክቶች ዝርዝር በሦስት ወር አንዴ የሚያይ መደበኛ ስብሰባ ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ላይ የሚጠየቀው፣ የትኛውን የሂደት መለኪያ ለመለወጥ ተከፈተ፣ ቁጥሩ አሁን የት ላይ ነው፣ የሚረከበውስ ማን ነው የሚል ነው። መለኪያ ወይም ተረካቢ የሌለው ፕሮጀክት እነዚህ እስኪሟሉ ይታገድ። በዕለት ተዕለት ማሻሻያ ሊሠራ የሚችለው ለሂደቱ ባለቤት ይመለስ። በዚያው ስብሰባ ባለፈው ዓመት የተዘጉ ፕሮጀክቶች ያስተላለፏቸው ሰንጠረዦችም ይቅረቡ፤ የሚያቀርቡትም የሂደቱ ባለቤቶች ይሁኑ፤ የተዘጋ ፕሮጀክት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ አዲስ ፕሮጀክት ከመክፈት በፊት ወደ ደረጃ 8 ተመልሰው ከሰነዱ፣ ከመለኪያው፣ ከምላሽ አንቀጹና ከሥልጣኑ የትኛው ሳይተላለፍ እንደቀረ ያጣሩ።